የመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥን ምሰሶ፦ ለነፋስ የሚጸና፣ ለመኪና የሚሸነፍ

በዚህ ዕትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምዳችን፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥን ጋር በተያያዘ ከላኩልን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ቤቴ በቨርጂኒያ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የእግረኛ መንገድም ሆነ የጠርዝ ድንጋይ በሌለው የገጠር መንገድ ዳር ነው። የፖስታ ሳጥኔ ከአንዴም ሁለቴ በመኪና ተገጭቶ ወድቋል፤ አንድ ሌሊት ደግሞ በቤዝቦል ዱላ ተቀጥቅጦ አደረ። ጎረቤቴ ወፍራም የብረት ቱቦ ገዝቼ፣ ውስጡን በኮንክሪት ሞልቼ፣ እግሩንም በኮንክሪት አስሬ እንድተክለው መክሮኛል። «ከዚያ በኋላ የገጨህ ሰው ራሱ ይጎዳል እንጂ ሳጥንህ ንቅንቅ አይልም» ይላል። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? ካልፈቀደስ የቱን ምሰሶ ልግዛ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የመከሩዎትን አያድርጉት። በተደጋጋሚ ንብረቱ ለተሰበረበት ሰው ምክሩ ደስ እንደሚያሰኝ ይገባናል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለደንበኞቹ ባወጣው መመሪያ ውስጥ መወገድ አለባቸው ብሎ በስም ከጠቀሳቸው ነገሮች መካከል ወፍራም የብረት ቱቦና የኮንክሪት ምሰሶ ይገኙበታል። በኮንክሪት የተሞላ የወተት ማመላለሻ ጋን ሳይቀር እዚያው ተጠቅሷል፤ በመመሪያ እስኪከለከል ድረስ እንዲህ ያለ ምሰሶ የሚያቆም ሰው ኖሯል ማለት ነው። የፌደራል አውራ ጎዳናዎች አስተዳደርም ሆነ በምህጻረ ቃል አሽቶ የሚባለው የግዛቶች የአውራ ጎዳናና የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር የሚሉት ይህንኑ ነው፦ የፖስታ ሳጥን ምሰሶ መኪና ሲገጨው መታጠፍ ወይም መውደቅ አለበት።

ምክንያቱን በጥቂቱ እናብራራ። ሳጥንዎ የቆመው አብዛኛውን ጊዜ በግቢዎ መሬት ላይ ሳይሆን ለመንገዱ በተከለለው የሕዝብ ይዞታ ላይ ነው። ከዚያ መንገድ የሚወጣው መኪና ደግሞ ሁልጊዜ የሰካራም ወይም የባለጌ መኪና አይደለም፤ ከፊቱ የገባ አጋዘን ለማትረፍ መሪ የጠመዘዘ፣ በረዶ ያንሸራተተው፣ ጎማ የፈነዳበት፣ ወይም ከሌሊት ሥራ ሲመለስ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው ሰው ሊሆን ይችላል። መኪና ይዞት የሚመጣው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 40 ማይል የሚሄድ መኪና በ20 ማይል ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት አለው። ቀጭን የእንጨት ምሰሶ ሲገጩት ከመሬቱ ወለል አካባቢ ተሰብሮ ይህን ጉልበት ያሳልፈዋል፤ በኮንክሪት የተሞላው ቱቦ ግን መኪናውን በአንድ ነጥብ ላይ ያቆመዋል፣ ወይም አሽከርክሮ ይገለብጠዋል። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ምሰሶውን ያቆመውን ሰው በፍርድ ቤት ሊጠይቅ መቻሉንም አይርሱ፤ «የገጨኝ ይጎዳ» ተብሎ ሆን ተብሎ የተተከለ ምሰሶ ደግሞ ለመከላከያ የሚመች አይደለም።

ስለዚህ ጠንካራ ምሰሶ ሲፈልጉ ለምን እንዲጠነክር እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይለዩ። ምሰሶው በየቀኑ የሚሸከመው የሳጥኑን ክብደት፣ ፖስተኛው በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚፈጥረውን ንቅናቄ፣ ነፋስንና በአንዳንድ ቦታ በረዶን ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ትንሽ ጭነት ነው። ለዚህ በፖስታ አገልግሎቱ መመሪያ የተመከረው 4 ኢንች በ4 ኢንች የሆነ የእንጨት ቋሚ፣ ወይም 2 ኢንች ዲያሜትር ያለው መደበኛ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ከበቂ በላይ ነው። «4 በ4» ተብሎ የሚሸጠው እንጨት ተልጎ ሲወጣ በየጎኑ 3 ተኩል ኢንች ብቻ ስለሚሆን፣ መለኪያ ይዘው ሄደው ቢለኩት አይደንግጡ፤ ትክክለኛው እሱ ነው። «ለማንኛውም ይወፍር» ብለው 6 በ6 ከገዙ ግን ከተፈቀደው ወጥተዋል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ቢሉን፣ ለአብዛኛው ቤት እንጨቱን እንመርጣለን። ለመቁረጥ፣ ሳጥኑን ለማሰርና ሲሰበር ለመተካት ቀላል ነው። በመንገድ ዳር የቆመ እንጨት ብዙውን ጊዜ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ወለል ጥቂት ኢንች ከፍና ዝቅ ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ በኬሚካል የታከመ እንጨት ሲገዙ ጫፉ ላይ በተመታው ትንሽ ምልክት ከመሬት ጋር ለሚነካካ ሥራ የተዘጋጀ መሆኑን ያንብቡ፤ በዚያው መደብር ከመሬት በላይ ለሚውል ሥራ ብቻ የታከመ እንጨትም ይደረደራልና። መቁረጥ ካስፈለገዎት የቆረጡትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጉና በእንጨት መከላከያ ቀለም ይቀቡት፤ ፋብሪካው ያከመው ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ይግባ። ኬሚካሉ እስከ እንጨቱ እምብርት ድረስ ስለማይዘልቅ፣ ጥሬው ጫፍ አፈር ውስጥ ከገባ ምሰሶው ከውስጥ ይበላል።

ቱቦ ከመረጡ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፦ ክብ ስለሆነ፣ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ሳጥኑን ይዞ ይዞራል። ይህን ለመከላከል ከታች ሰፊ የብረት ሳህን መበየድ አይፈቀድም፤ በአሽቶ መመሪያ የተፈቀደው እንዳይዞር የሚይዝ አነስተኛ ክንፍ ሲሆን፣ እሱም ከመሬት ወለል በታች ከ10 ኢንች በላይ መውረድ የለበትም።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። የሳጥኑ ታች፣ ወይም ፖስታ የሚገባበት አፍ፣ ከመንገዱ ወለል ከ41 እስከ 45 ኢንች (ከ104 እስከ 114 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁመቱ የሚለካው ከመንገዱ ወለል እንጂ ከምሰሶው እግር አይደለም። ለምሳሌ የሳጥኑ ታች 43 ኢንች ላይ እንዲውል ፈልገው፣ ምሰሶው የሚተከልበት ቦታ ከመንገዱ 3 ኢንች ዝቅ ያለ ቢሆን፣ ከመሬት በላይ 46 ኢንች ያስፈልግዎታል፤ የሚቀበረውን 24 ኢንች ሲጨምሩ 70 ኢንች ይመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ምሰሶው አናት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ባለ 6 ጫማ እንጨት ይበቃል። ሳጥኑ ከምሰሶው ጎን በወጣ ክንድ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን፣ ምሰሶው ከሳጥኑ በላይ ስለሚያልፍ ባለ 8 ጫማውን ገዝቶ መቁረጥ ይሻላል።

የጠርዝ ድንጋይ ባለበት መንገድ የሳጥኑ በር ከድንጋዩ ከ6 እስከ 8 ኢንች ወደ ውስጥ ይገባል። ይህም የሚለካው እስከ በሩ ነው፤ ምሰሶው ከዚያ ራቅ ብሎ ይቆማል። እንደ እርስዎ ጠርዝ በሌለው የገጠር መንገድ ግን ይህን ርቀት በግምት ከመወሰን፣ የአካባቢዎን ፖስታ ቤት ኃላፊ ጠይቀው ቦታውን ቢያስመለክቱ ይሻላል። ሳጥንዎ ሁለቴ በመኪና መገጨቱ ራሱ ቦታው ልክ አለመሆኑን ሊያመለክት ይችላል። በመታጠፊያ ውጫዊ ጎን ላይ ወይም ከኮረብታ ቁልቁል ከሆነ፣ ጥቂት ሜትር ማዛወሩ ከማንኛውም ብረት ይልቅ ያድነዋል፤ ያለ ፖስታ ቤቱ ፈቃድ ግን አያዛውሩት። በቨርጂኒያ አብዛኞቹን የካውንቲ መንገዶች የሚያስተዳድረው የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ በመንገዱ ይዞታ ላይ ስለሚቆመው ምሰሶ እሱንም ይጠይቁ።

ከመቆፈርዎ ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድመው ወደ 811 ይደውሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ባለሙያዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ወይም በትናንሽ ባንዲራዎች ያመለክታሉ፦ ቀይ የኤሌክትሪክ፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። «ሁለት ጫማ ጉድጓድ ምን ያደርጋል» የሚሉ አሉ፤ የኢንተርኔት ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ያልፋል።

ጉድጓዱ ከ24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር ገደማ) አይለፍ። ብዙዎች የሚሰጉት «ያለ ኮንክሪት ያዘነብላል» እያሉ ነው፤ የሚያዘነብለው ግን አፈሩ ባንድ ጊዜ ተዝቆ ተገፍቶበት ከላይ ብቻ በእግር ሲረገጥ ነው። ጉድጓዱን ምሰሶው ገብቶ ዙሪያውን መጠቅጠቂያ የሚያስገባ ያህል ብቻ አጥብበው ይቆፍሩ። ከሥሩ ውሃ እንዲወርድ ጥቂት ጠጠር ይጨምሩ፤ ምሰሶውን አቁመው በሁለት ጎን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ከዚያ አፈሩን ወይም ደቃቅ ያለበትን ጠጠር አራት አራት ኢንች እየጨመሩ በጠንካራ ዘንግ ይጠቅጥቁ። ከእያንዳንዱ ድርብርብ በኋላ ውሃ ልኩን እንደገና ያስጠጉ፤ ጠማማነት ከታች ሲጀምር ካልተያዘ ከላይ አይቃናም። በመጨረሻ አፈሩን ከምሰሶው ዙሪያ ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ያድርጉት፤ ውሃ ሥሩ ላይ እንዳይቋት።

ሳጥኑ ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበት መንገድ ከምሰሶው ባልተናነሰ ያሳስባል። በግጭት ጊዜ ምሰሶው በሚገባ ቢሰበርም ሳጥኑ ከአናቱ ተነቅሎ ቢወረወር፣ የሚያርፈው የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ነው፤ 41 ኢንች ከፍታ ላይ ያለ ነገር የሹፌሩ ፊት አካባቢ መሆኑን ያስቡ። ስለዚህ ሳጥኑ ከምሰሶው ጋር አብሮ እንዲወድቅ ተደርጎ መታሰር አለበት። ሳጥኑ ታች ከንፈር ውስጥ ልክ የሚገባ ሳንቃ ቆርጠው በምሰሶው አናት ላይ በረዣዥም ቪቶች ይሰሩ፤ ሳጥኑን በሳንቃው ላይ አስቀምጠው በግራና በቀኝ ጎኑ ቀዳዳዎች በኩል፣ በእያንዳንዱ ቪት ሥር ሮንዴላ አድርገው ይጠብቁት። ሮንዴላው ካልገባ ቀጭኑ ቆርቆሮ በቪቱ ራስ ዙሪያ ይቀደዳል። ሳጥኑ ራሱ በፖስታ አገልግሎቱ የጸደቀ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳለበት አይተው ይግዙ፤ የቤት ቁጥርዎም ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ባለው ፊደል ይጻፍበት።

የዱላውን ነገር በተመለከተ፣ የፖስታ ሳጥን ማበላሸት በፌደራል ሕግ በገንዘብና እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለአካባቢው ፖሊስና ለፖስታ ምርመራ አገልግሎቱ ያመልክቱ፤ ፎቶ አንስተው ቀኑን ይመዝግቡ። ለዱለኞች ተብሎ ሳጥኑን ማክበድ ግን ያው ወደ ጎረቤትዎ ምክር መመለስ ነው። እኛ የምንመክረው ቀላልና ርካሽ ሳጥን ገዝቶ፣ ሲቀጠቀጥ ምሰሶውን ሳይነኩ ሳጥኑን ብቻ መለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ እኖራለሁ። በየክረምቱ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ባለፈ ቁጥር ሳጥኔ ይወድቃል ወይም ይጣመማል። መጥረጊያው ሳይነካው እንዴት ይወድቃል? መፍትሔስ አለው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የመጥረጊያው ምላጭ ሳይሆን ከምላጩ እየተገለበጠ የሚወረወረው እርጥብ በረዶ ነው። ክብደቱ ከፍጥነቱ ጋር ተደምሮ የላላ ሳጥንን በቀላሉ ይነቅላል። በረዶ በሚበዛባቸው ግዛቶች የተለመደው መፍትሔ ተወዛዋዥ ክንድ ያለው ምሰሶ ነው፤ ቋሚው ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይተከልና ሳጥኑ ወደ መንገዱ በሚዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ይታሰራል። በረዶው ሲመታው ክንዱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ቦታው ይመለሳል ወይም በእጅ ይመለሳል። ከመንገዱ አጠገብ ቋሚ ስለማይኖር መጥረጊያው እስከ ጠርዙ ድረስ እንዲጠርግም ያግዛል። ሳጥኑን ከተፈቀደው ቁመት ወደ ላይኛው፣ ወደ 45 ኢንች ቢያስጠጉት ደግሞ የሚወረወረው በረዶ አብዛኛው ከሥሩ ያልፋል።

በእናንተ አካባቢ ብርድ መሬቱን ከ24 ኢንች እጅግ ጠልቆ ያቀዘቅዘዋል፤ ውሃ የያዘ ጭቃ ሲቀዘቅዝ እየሰፋ ምሰሶውን ወደ ላይ ይገፋዋል። «እንግዲያው ጠልቄ ልቅበረው» እንዳይሉ፤ ይልቁንም ጉድጓዱን ከጭቃ ይልቅ ውሃ በማያቁር ጠጠር ሞልተው ይጠቅጥቁት። የበረዶው ወቅት ሳይገባ አንዴ በእጅዎ ነቅንቀው ይሞክሩት፤ በእጅ የሚነቃነቅ ምሰሶ ክረምቱን አይወጣም። ፖስታ አገልግሎቱ ሳጥኖች እንዲጠገኑ የሚያሳስብበት ሳምንት በግንቦት ወር ሦስተኛው ሙሉ ሳምንት (በአሜሪካኖቹ ሜይ) ላይ ስለሚውል፣ የተጣመመውን ለማቃናትም ያ ወቅት አመቺ ነው። ጉዳት በደረሰ ጊዜ፣ በብዙ ቦታ ምላጩ በቀጥታ የመታውን ሳጥን እንጂ በረዶ የጣለውን አይተኩም፤ ስለዚህ ወደ መንገድ ሥራው ክፍል ሲያመለክቱ የምላጭ ወይም የጎማ ምልክት ካለ ፎቶውን ይያዙ። ከሳጥኑ ፊት ያለውን በረዶ መጥረግ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ መድረስ ካልቻለ ፖስታዎ ላይደርስዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ በቴክሳስ ቤት ገዝተናል። በሰፈሩ ያሉ ቤቶች ሁሉ የፖስታ ሳጥናቸውን በጡብ ዐምድ ውስጥ ነው ያስገነቡት። እኛም እንዲሁ ብናስገነባ ጥፋት አለበት?

መልስ፦ ሌሎች ማድረጋቸው ለፈቃድ ማስረጃ አይሆንም። የጡብ ዐምድ ለመኪና ግድግዳ ማለት ነው፤ በአውራ ጎዳናዎች ዳር በመመሪያ የሚወገዘው ለዚህ ነው። ፍጥነት በዝቅተኛ ልክ በተወሰነባቸውና የጠርዝ ድንጋይ ባላቸው የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ አንዳንድ ከተሞች በዝምታ ያልፉታል፣ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ፣ ሌሎች ያስፈርሳሉ። የነዋሪዎች ማኅበር መፍቀዱ የከተማውን የመንገድ ሥራ ክፍል አይተካም፤ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። መልክ ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ የተለመደውን የእንጨት ቋሚ የሚያለብሱ ቀላል የፕላስቲክ ሽፋኖች አሉ፤ ሲገጩ ይሰነጠቃሉ እንጂ መኪና አያቆሙም።

ጥያቄ፦ አራት ጎረቤታሞች ሳጥኖቻችንን በአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ ደርድረን በሁለት ምሰሶ ልናቆም አስበናል። ሥራውም ወጪውም ይቀንሳል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ሳንቃው ግን ከሁሉ የከፋው ክፍል ነው። በመንገዱ አቅጣጫ ተጋድሞ በመስታወት ቁመት ላይ ያለ ረጅም ሳንቃ፣ መኪና በጫፉ በኩል ሲገጨው መስታወቱን ሰብሮ እንደ ጦር ወደ ውስጥ ይገባል። የአሽቶ መመሪያ በግጭት ሙከራ ያልተረጋገጠ ምሰሶ ላይ ከሁለት ሳጥን በላይ እንዳይታሰር ያዝዛል። ስለዚህ ለየራሳችሁ ምሰሶ፣ ወይም ለሁለት ሁለት ሰው አንድ ምሰሶ አቁሙ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከመሬት በላይ ካላቸው ቁመት ከሦስት አራተኛው አይነስ፤ 44 ኢንች ከፍታ ላለው ምሰሶ 33 ኢንች ማለት ነው። ይህም አንዱ ምሰሶ ሲወድቅ ቀጣዩን ደግፎ ወይም አብሮት ተከምሮ እንዳይቆም ነው።

ሳጥኖቹ ፖስተኛው በሚመጣበት አቅጣጫ በመንገዱ ቀኝ መሆን ስላለባቸው፣ ከአራታችሁ የሁለታችሁ ቤት ከመንገዱ ማዶ ከሆነ እነዚያ ሁለት ቤቶች መንገድ ተሻግረው መውሰድ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሳጥኑ ቤቱ ካለበት በተለየ ሌላ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ስም ጭምር መጻፍ አለበት። የጋዜጣ ማስገቢያ ቱቦ የምትጨምሩ ከሆነ ከምሰሶው ላይ ይታሰር፤ የፖስታ ሳጥኑን አይንካ፣ የሳጥኑ ባንዲራ ሲነሳና ሲወርድም አይከልለው። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት አራታችሁም በአንድነት ሄዳችሁ ቦታውን ለፖስታ ቤቱ ኃላፊ አሳዩ፤ አንዳንድ ጊዜ ኃላፊው ራሱ ፖስታ አገልግሎቱ ያጸደቀውን የጋራ ሳጥን ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምሰሶ መትከሉም አያስፈልጋችሁም።